ደንገጎ ላይ የሚጠፋው ላንድክሩዘር

ከድሬ ወደ ሐረር የወጣ ሰው ደንገጎን ያውቃታል። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከ2,000 ሜትር በላይ አድርሶ ወደ ሐሮማያ ያስገባችኋል። ከታች ሙቀቱ ፊት ይለበልባል፤ ከላይ ሹራብ ያስፈልጋል። ለአሮጌ የቤንዚን መኪና ከዚህ የባሰ ፈተና ያለ አይመስለኝም።

የአጎቴ መኪና ላንድክሩዘር ኤፍ ጄ 40 ነው። ሞተሩ ቱ ኤፍ የሚባለው ነው፤ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር። ጠንካራ ሞተር ነው፣ በደንብ ከያዙት ልጅ ይወርሰዋል። የእኛው ግን ለሁለት ዓመት ያህል እዚያችው ዳገት ላይ ይጠፋብን ነበር። ሳል የለ፣ መንገዳገድ የለ፤ ቁልፉን እንደዘጋንበት ዝም ይላል። ዳር እናስይዘዋለን፣ ጎማው ሥር ድንጋይ እናደርጋለን፣ ግማሽ ሰዓት እንቀመጣለን። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ጋራዥ ስንወስደው ድምፁ ሰላም ነው። አንዱ የቤንዚን ፖምፓ ቀየረ። ሌላው ካርቡራተሩን አጠበ። ሌላው ስድስቱንም ካንዴላ አዲስ አደረገ። ገንዘቡ ሄደ፣ መኪናው ግን መጥፋቱን አልተወም።

በመጨረሻ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ሄድን። ሙያውን በልጅነታቸው በባቡሩ ወርክሾፕ የተማሩ ሰው ናቸው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ከደረሰ ጀምሮ ትልቁ የጥገና ቦታው እዚሁ ነበር፤ ብረት የሚያውቅ ሰው በዚህች ከተማ የበዛው በከንቱ አይደለም። አጎቴ ታሪኩን ሁሉ ሲተርክ ዝም ብለው ሰሙት። ከዚያ፣ «አቦ፣ የዳነ በሽተኛ ነው የምታመጣልኝ» አሉት። «ሲታመም አሳየኝ።»

እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ መኪና እሳት የማስበው በዚህ ቃል ነው። እሳት የምለው ካንዴላው ሲሊንደሩ ውስጥ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥልበትን ብልጭታ ነው። ሲሞቅ የሚጠፋ መኪና መመርመር ያለበት በጠፋበት ቦታ፣ በጠፋበት ደቂቃ ነው። ለዚያ ደግሞ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። እሳቱ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ማወቅ ይበቃል። (መኪናችሁ ናፍታ ከሆነ ይህ ጽሑፍ አይመለከታችሁም፤ የናፍታ ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይነሳም።)

እሳቱ እንዴት ይወለዳል

ባትሪው የሚሰጠው 12 ቮልት ነው። ካንዴላው ጫፍ ላይ ያለችውን ክፍተት ዘሎ ለማለፍ ግን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ቮልት ያስፈልጋል፤ 15,000 እና 20,000 የተለመደ ነው። ይህን የሚያመጣው ቦቢናው ነው። ቦቢና ውስጥ ሁለት ሽቦዎች በአንድ ብረት ላይ ተጠምጥመዋል። አንደኛው ወፈር ያለ ሆኖ ዙሩ ጥቂት ነው። ሁለተኛው እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፣ ዙሩም ብዙ ሺህ ነው። የባትሪው ከረንት በወፍራሙ ሽቦ ሲያልፍ ብረቱ ማግኔት ይሆናል። ከረንቱ ድንገት ሲቋረጥ ማግኔቱ ይፈርሳል። ሲፈርስ ደግሞ ቀጭኑ ሽቦ ላይ ያን ሁሉ ቮልት ይወልዳል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ብልጭታው የሚመጣው ከረንቱ በተቋረጠባት ቅጽበት ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው። ይህን ከያዛችሁ ፑንቲና ለምን እንዳለች ይገባችኋል። ፑንቲና ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያድለው ዕቃ) ውስጥ ያለች ትንሽ ማብሪያና ማጥፊያ ናት። መሃል ላይ የሚዞረው ባለ ስድስት ማዕዘን ዘንግ እየገፋ ይከፍታታል። ስትገጥም ቦቢናው ይሞላል፤ ስትከፈት እሳቱን ይተፋል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ዙር ሲዞር ፑንቲናዋ በሰከንድ 150 ጊዜ ትከፈታለች። አጠገቧ ያለችው ትንሽ ቆርቆሮ ኮንደንሰር ትባላለች። ፑንቲና ስትከፈት ከረንቱ በክፍተቱ ላይ ዘሎ እንዳያቃጥላት ውጣ የምታስቀርላት እሷ ናት። ከቦቢና የወጣውን እሳት ክዳኑ ሥር የሚዞረው ሮተር ይቀበልና ሠርግ ቤት ወጥ እንደሚያዞር ሰው ተራው ለደረሰው ካንዴላ ያድለዋል።

መንገዱ ይኸው ነው፦ ባትሪ፣ ቁልፍ፣ ቦቢና፣ ፑንቲና፣ ከዚያ ክዳኑና ሮተሩ፣ ሽቦዎቹ፣ ካንዴላ። አንዱ ቦታ ላይ ተቋርጧል። የት እንደሆነ እንፈልጋለን።

ቤንዚን ነው ወይስ እሳት?

መኪናው ሲጠፋ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። ሌላ ማንኛውም ነገር ከዚህ በኋላ ይምጣ። ቤንዚን ያጣ ሞተር ብዙውን ጊዜ ያስጠነቅቃል። ጉልበቱ ይደክማል፣ ያስላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይሞታል። እሳት ያጣ ሞተር ግን ሄዶ እንደሚቀር መብራት ነው፤ ድንገት ቀጥ ይላል። ግን በዚህ ብቻ አትፍረዱ። በድሬ ሙቀት ቤንዚኑ ራሱ ቱቦ ውስጥ ይፈላና አረፋ ይሆናል፣ ፖምፓውም መሳብ ያቅተዋል። ያም ሲቀዘቅዝ ይድናል። ሁለቱ በሽታዎች የሚመሳሰሉት ለዚህ ነው። የእኛ ፖምፓ ያለ ጥፋቱ የተቀየረውም ለዚህ ነው።

ቤንዚኑን ለማየት የአየር ማጣሪያውን ክዳን አንሱና ካርቡራተሩ ጉሮሮ ውስጥ እያያችሁ የቤንዚን መስጫውን ዘንግ በእጅ ጎተት አድርጉ። ቀጭን ቤንዚን ጭር ብሎ ከተረጨ ካርቡራተሩ ቤንዚን አለው።

እሳቱን ለማየት ከቦቢና ወደ ዲስትሪቢዩተሩ ክዳን መሃል የሚገባውን ወፍራም ሽቦ ከክዳኑ ንቀሉ። ከዚያ በፊት ግን ማጣሪያውን ወደ ቦታው መልሱ። የቤንዚን ሽታ ካለ፣ የሚያንጠባጥብ ነገር ካለ፣ ይህን ሙከራ በፍጹም አታድርጉ። ማርሹ ዜሮ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይሳብ። ሽቦውን እጀታው ጎማ በለበሰ ፒንሳ ያዙት። ጫፉን ከሞተሩ ንጹህ ብረት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ፣ ሌላ ሰው ሞተሪኖውን (ማስነሻ ሞተሩን) ያዙር። ሰማያዊና ወፈር ያለ ብልጭታ «ጠቅ ጠቅ» እያለ ከዘለለ ቦቢናችሁ ጤነኛ ነው። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ደካማ ነው። ምንም ከሌለ ጉዳዩ ቦቢናው ላይ ወይም ከእሱ በፊት ነው ማለት ነው።

በእኛ ፀሐይ ቀትር ላይ ብልጭታ በዓይን አይታይም። ስንቱ ሰው «እሳት የለውም» ብሎ ደህና ቦቢና ጥሏል! ኮፈኑ ላይ ጋቢ ወይም ፎጣ አልብሳችሁ ጥላ ሥሩ። ወይም ጆሯችሁን ስጡ። ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ ልብስ ሰፊው መርፌው ሲስት ቀና ሳይል ያውቃል። የእሳትም ድምፅ እንደዚያው ይለመዳል። ጤነኛው ደረቅና ጠንከር ያለ ነው፤ ደካማው ሹክሹክታ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሞተሪኖው ራሱ እየደከመ የሚዞር ከሆነ ስለ ብልጭታ ከማሰባችሁ በፊት ባትሪውን እዩ። ያረፈና የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል። ሞተሪኖ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ወይም ሞተሪኖው ታሟል፣ ለቦቢናም የሚተርፍ የለም። ነጭ ዱቄት ያበቀለውን ተርሚናል በፈላ ውሃ አጥባችሁ አጥብቁ፤ ከባትሪ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የማሳ (የኔጌቲቭ) ገመድም እንዲሁ።

የፍሬቻ አምፑል

ቴስተር (ቮልትና ኦም መለኪያው) ጥሩ ነው። መንገድ ላይ ግን ከአሮጌ ፍሬቻ የወጣች አምፑልና ሁለት ሽቦ ይበቃሉ። አንዱን ሽቦ ማሳ (የሞተሩን ንጹህ ብረት) አስይዙ። ቁልፉን ክፈቱና በሁለተኛው የቦቢናውን ፖዘቲቭ ንኩ። አልበራ ካለ ከረንቱ ቦቢና ጋ አልደረሰም፦ የቁልፉ ማብሪያ፣ የተቃጠለ ፊውዝ፣ የላላ ሽቦ።

ከበራ ወደ ቦቢናው ኔጌቲቭ አዙሩና ሞተሪኖውን አስነሱ። እዚህ አምፑሏ ብልጭ ድርግም ማለት አለባት። ካለች ፑንቲናዋ እየሠራች ነው፤ ይህን አይታችሁ እሳት ግን ከሌለ ጥርጣሬው ቦቢናና ኮንደንሰር ላይ ይወድቃል። ሳትጠፋ ዝም ብላ ከበራች ፑንቲናዋ እየገጠመች አይደለም፦ ቆሽሻለች፣ ተቃጥላለች፣ ወይም ማሳ አጥታለች። ከነጭራሹ ካልበራች ደግሞ ፑንቲናዋ አልከፈት ብላለች፣ ኮንደንሰሩ ማሳ ነክቷል፣ ወይም ቦቢናው ውስጡ ተበጥሷል። ኮንደንሰሩን ነቅላችሁ ደግማችሁ እዩ፤ አምፑሏ ብልጭ ማለት ከጀመረች ጥፋተኛው ተያዘ።

ይህችን አምፑል በጣም ነው የምወዳት። አንድ ደቂቃ ፈጅታ የሦስት ዕቃ ወጪ ታድናለች።

ፑንቲናዋን ስትከፍቱ ሁለቱን ፊቶቿን ተመልከቱ። ግራጫና ለስላሳ ከሆኑ ደህና ናቸው። አንዱ ጉብታ፣ ሌላው ጉድጓድ ካወጣ ወይም ጠቁረው ከተቃጠሉ ኮንደንሰሩንም አብራችሁ ቀይሩ፣ አለዚያ አዲሷም ትቃጠላለች። በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጓት፤ አሸዋው ፊቷ ላይ ይቀራል። በስስ ሞረድ ነካ ነካ አድርጋችሁ በንጹህ ወረቀት ጥረጉ። ክፍተቷ፣ የዘንጉ ማዕዘን ጫፍ ሙሉ በሙሉ ሲገፋት፣ ለቱ ኤፍ 0.45 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። መለኪያ ከሌላችሁ አንድ የጢም ምላጭ 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። አራት ምላጭ ደርባችሁ ሾልኮ ካለፈ፣ አምስተኛው ከከበደው፣ ቤት ያደርሳችኋል። ክፍተቱ ሲሰፋ ቦቢናው ለመሙላት ጊዜ ያጣል፣ ሞተሩም በፍጥነት ላይ ይቆራረጣል። ሲጠብ ፑንቲናዋ ትቃጠላለች፣ ጠዋት ማስነሳትም ይከብዳል። ዘንጉ ላይ እንደ ምስር ፍሬ ያለች ትንሽ ግራሶ ቀቡ። እሷ ከሌለች የፑንቲናዋ እግር በፍጥነት ያልቅና ክፍተቱ በራሱ ይዘጋል።

ከዚያው ሳትወጡ ፑንቲናዋ የተቀመጠችበትን ሳህን ከዲስትሪቢዩተሩ አካል ጋር የምታገናኝ አጭር ሽቦ ፈልጉ። ሳህኑ ነዳጅ በሰጣችሁ ቁጥር ስለሚንቀሳቀስ ይህች ሽቦ ዓመት ዓመት ስትታጠፍ ትኖራለች። አንድ ቀን ላስቲኳ ደህና ሆኖ ውስጧ ይበጠሳል። መኪናው በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጡት) ሰላም ነው፤ ነዳጅ ስትሰጡት ይንዘፈዘፋል። በዓይን አትታይም። ጎተት አድርጉ፤ እንደ ላስቲክ ከተሳበች ውስጧ ሽቦ የለም።

ቦቢናው ለምን ጋለ?

አሁን ወደ ደንገጎ ልመለስ። አዛውንቱ መካኒክ አብረውን ወጡ፣ ከፊት ወንበር፣ አምፑሏን ጭናቸው ላይ ይዘው። መኪናው እንደ ልማዱ ቀጥ አለ። ወርደው ቤንዚኑን አዩ፤ ይረጫል። ሽቦውን ነቅለው እሳቱን አዩ፤ አንዲት ቢጫ ክር መሰለች፣ ከዚያ እሷም ጠፋች። አምፑሏ ኔጌቲቩ ላይ ብልጭ ድርግም ትላለች። ቁልፉን አስዘግተው ቦቢናው ላይ እጃቸውን ሊያሳርፉ ሞከሩ፣ ወዲያው አነሱት። እርጥብ ጨርቅ ጎኑ ላይ ጠቀለሉበት፤ ሽቦው የሚገባበትን ጫፉን ግን አላስነኩትም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ተመለሰ። ሁለት ዓመት የፈጀብን ጉዳይ በሃያ ደቂቃ ተለየ።

ቦቢናው ግን ለምን ጋለ? መልሱ የተገኘው ድሬ ስንመለስ በቴስተር ነው። ቦቢና ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ለብቻው የሚሠራ ሲሆን የወፍራሙ ሽቦ ተቃውሞ ወደ 3 ኦም ነው። ሁለተኛው ወደ 1.5 ኦም ነው፤ እሱ ከፊቱ ከረንት የሚቀንስለት ሬዚስተር ይፈልጋል። ሬዚስተሩ ብዙ ጊዜ ነጭ የሸክላ ቁራጭ ነው፣ ቦቢናው ጎን ይታሰራል። ሞተሪኖ ሲዞር ሬዚስተሩ ይታለፍና ቦቢናው የባትሪውን ቮልት በሙሉ ያገኛል፣ ለመነሳት እንዲረዳው። ቁልፉ ሲለቀቅ በሬዚስተሩ በኩል ይሆናል።

የእኛ ቦቢና 1.5 ኦም ነበር፣ ሬዚስተር ግን የለም። ቀደም ሲል ቦቢናውን የቀየረ ሰው ሬዚስተሩን ትርፍ መስሎት ጥሎታል፣ ሽቦውን ቀጥታ አገናኝቶ። ሒሳቡን እዩት። 12ን ለ3 ብታካፍሉ 4 አምፔር ነው። ለ1.5 ብታካፍሉ 8 ይሆናል። እጥፍ ከረንት የሚጠጣ ቦቢና፣ ከሚያግል ሞተር አጠገብ፣ በድሬ ሙቀት፣ በሁለተኛ ማርሽ ዳገት ላይ። ሲሞቅ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ሽፋኑ ይከዳውና እሳቱ ውስጥ ለውስጥ ያመልጣል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ምልክት አለ። ቁልፉን ስታዞሩ መኪናው ይነሳል፣ ስትለቁት ወዲያው ይጠፋል፤ ደግማችሁ ታዞራላችሁ፣ ይነሳል፣ ይጠፋል። ሬዚስተሩ ተቃጥሏል። ገፍታችሁ ለማስነሳት አትድከሙ፣ አይነሳም። ቦቢና ስትገዙ ሻጩን «የላንድክሩዘር ስጠኝ» ከማለት ኦሙን በቴስተር ለኩ። እና ሞተሩ ቆሞ ቁልፉን ከፍታችሁ ሬዲዮ አትስሙ። ፑንቲናዋ ገጥማ ከቆመች ቦቢናው ዝም ብሎ ይቀቀላል።

ክዳኑ፣ ሽቦዎቹ፣ አቧራው

ከቦቢና ጥሩ እሳት እየወጣ ካንዴላ ጋ ካልደረሰ ክዳኑን ክፈቱ። ውስጡን በባትሪ መብራት እዩ። በእርሳስ የተሳለች የምትመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ካገኛችሁ ክዳኑ ተሰንጥቋል፣ እሳቱም በስንጥቁ መንገድ ለምዷል። መጥረግ አያድነውም፤ ቀይሩት። የእኛ አገር አቧራ ስስ ነው፣ የማይገባበት የለም። ድሬን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ክረምት ላይ ግን ውሃ ያለበትን ወንዝ በፍጥነት የሚያቋርጥ ሰው ክዳኑን ያርሰዋል። በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ብቻ ይበቃል።

ሽቦዎቹን ለመፈተሽ ከሁሉ የሚሻለው ጨለማ ነው። ማታ፣ መብራት የሌለበት ቦታ፣ ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩን አስነሱ። አትንኩ፣ ብቻ እዩ። አሮጌ ሽቦ በየቦታው ሰማያዊ ጭላንጭል ይተፋል። ሽቦዎቹን ነቅላችሁ ስትመልሱ የሲሊንደሮቹን ተራ አትሳቱ፦ ቱ ኤፍ 1-5-3-6-2-4 ነው፣ ከላይ ሲታይ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ። ባለ 4 ሲሊንደሩ አሮጌ ላንድሮቨር 1-3-4-2 ነው። አንድ በአንድ ንቀሉ፣ አንድ በአንድ መልሱ።

ታይሚንጉን (እሳቱ የሚመጣበትን ጊዜ) በአጭሩ። በቱ ኤፍ ፍላይዊል ላይ ትንሽ የብረት ኳስ ተቀብራለች፣ በቤቱ ላይ ባለች መስኮት ትታያለች። እሷ ጠቋሚው ላይ ስትገጥም ፒስተኑ ከላይኛው ጫፍ 7 ዲግሪ ቀርቶታል፣ እሳቱም መምጣት ያለበት ያኔ ነው። አንደኛው ሲሊንደር አየር በሚጨምቅበት ዙር ሞተሩን በእጅ እዚያ አድርሱት። አምፑሏን ቦቢናው ኔጌቲቭ ላይ አስራችሁ ዲስትሪቢዩተሩን ቀስ እያላችሁ አዙሩ፤ ልክ ስትበራ አቁሙና እሰሩ። በከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ትንሽ ቀደም ያለ እሳት ይችላል። ስለዚህ ሐረር ላይ እሳቱን ቀደም አድርገው ያስተካከሉት መኪና ድሬ ወርዶ ሲጫን «ኳ ኳ» ሊል ይችላል። ያን ድምፅ ችላ አትበሉት፤ ፒስተን ይበሳል። ትንሽ መልሱት። ሐረር የሚኖር መኪና ካንዴላው በደረቅ ጥላሸት ከጠቆረ ደግሞ እሳቱን ከመውቀሳችሁ በፊት ካርቡራተሩን አስቡ፤ በሳሳ አየር ቤንዚኑ ይበዛበታል። ሐረር ውስጥ ያሉት አሮጌ ፔጆ 404 ታክሲዎችም ከዚህ አያመልጡም።

አጎቴ አሁን ዳገቱን ሳይቆም ይወጣል፣ በ3 ኦም ቦቢና። ቢሆንም አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ከወንበሩ ሥር አይጠፋም። ውስጡ የወጣችው ግን ደህና የሆነች ፑንቲና፣ ኮንደንሰር፣ ሮተር፣ አራት ምላጭ፣ ካቻቪቴ፣ የፍሬቻ አምፑሏና ቁራጭ ጨርቅ አሉ። ውሃው በሃይላንድ ጠርሙስ ለብቻው ነው።